ስለ ባልትና፤ በተረፈ ፍም ስለሚጋገር የኮክ ጣፋጭ

የአንድ ቤት አስተዳደር ደኅና መሆኑ የሚታወቀው በጓዳው ሙላት ሳይሆን፤ ከምድጃውና ከጓሮው የሚጣለው ነገር በማነሱ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ለተከበራችሁ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው፤ በጉለሌ ሰፈር በብዙ ግቢ ስለሚባክኑ ስለ ሁለት ነገሮች ይሆናል። አንደኛው ከዛፉ ሥር እየወደቀ የሚበሰብሰው ኮክ ነው፤ ሁለተኛውም እንጀራ ተጋግሮ ካበቃ በኋላ ማንም ሳይጠቀምበት አመድ የሚሆነው ፍም ነው። እነዚህን ሁለቱን ያገናኘች እመቤት፤ ያለ ብዙ ወጪና ያለ ብዙ ድካም፤ ለቤተሰቧና ለእንግዳዋ የሚቀርብ ትኩስ ጣፋጭ ታገኛለች።

ጉለሌ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ደጋ ሰፈር ስለ ሆነ፤ ብርዱ ለነዋሪዎቹ እንግዳ አይደለም። በክረምት ጉሙ ከተራራው ወርዶ በባሕር ዛፉ ላይ ሲተኛ፤ ከእራት በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ምድጃው ይጠጋል። ይኸው ብርድ ግን ለኮክ ዛፍ ይስማማዋል፤ ኮክ በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ቀዝቃዛ ወራት ካላገኘ ደኅና አድርጎ የማያብብ ዛፍ ነውና። በአሮጌዎቹ ግቢዎች አጥር ጥግ የተተከሉት ዛፎች፤ ብዙ እንክብካቤ ሳይደረግላቸው የሚያፈሩት ስለዚህ ነው። ፍሬው ሲደርስ ግን በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ልጆች የሚበሉትን ይበላሉ፤ ለጎረቤት የሚሰጠው ይሰጣል፤ የቀረው ወድቆ ይቀራል። ጥቂት የተቀጠቀጠ ወይም ወፍ የነካው ፍሬ ለጥሬ መብል ደስ አይልም እንጂ፤ የተበላሸው ወገን ተቆርጦ ሲወጣለት ለመጋገር እጅግ ይስማማል።

ስለ ፍሙም ጥቂት ማስታወስ ይገባል። የአዲስ አበባ ሰው ስለ ማገዶ የተጨነቀው ዛሬ ብቻ አይደለም። ከተማዪቱ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ተመንጥሮ አለቀና፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ በቶሎ አድጎ ማገዶ ስለ ሆነ፤ ከተማዪቱ ባለችበት ጸንታ ቀረች። እንግዲህ አንድ መናገሻ ከተማ በማገዶ እጦት ምክንያት ከስፍራዋ ልትነሣ ከደረሰች፤ በአንድ ቤት ምድጃ ውስጥ የሚቀረው ፍም ትንሽ ነገር ነው ማለት አይገባም።

ከዚህም በቀር ማገዶው እስከ ቤታችን የደረሰው በሰው ጀርባ መሆኑን እንዘነጋለን። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፤ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፤ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ጉለሌ የሚወርዱ ሴቶች ለብዙ ዘመን ይህንን ከተማ ሲያሞቁ ኖረዋል። ዛሬ በብዙ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገብቷል፤ የሆነ ሆኖ ከማገዶና ከከሰል ያልተለየ ቤት አሁንም ብዙ ነው። ፍሙን ሳይሠራበት አመድ እንዲሆን መተው፤ ከዚያ ሸክም ላይ ከፊሉን መንገድ ላይ እንደ መጣል ይቈጠራል። የዛሬው ምክራችን ዋና ነገሩ ይህ ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን መካከል «በአገራችን ገበታ ላይ ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ማቅረብ ልማድ አይደለም፤ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የእኛ ገበታ የሚታሰረው በቡና ነው፤ ቡናውንም የሚተካው የለም። ነገር ግን ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ በሶ ሲሆን፤ በሶውም በቅቤ ታሽቶ ጭኮ ሲሆን፤ ይህ ከጥንት ጀምሮ የምናውቀው ነው። ድፎ ዳቦም ከታችና ከላይ እሳት ተደርጎለት ሲጋገር ያላየ ሰው የለም። አሁን የምንናገርለት ጣፋጭ ከእነዚህ ከሁለቱ የተወለደ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ ዱቄትና ቅቤ ታሽቶ ከፍሬ ላይ ይነሰነሳል፤ እንደ ድፎም በሁለት እሳት መካከል ይበስላል።

እንግሊዞች ይህን የመሰለውን ምግብ ክራምብል ይሉታል፤ ትርጓሜውም ፍርፋሪ እንደ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በብሪታንያ ቅቤና ስኳር ለየሰዉ እየተመጠነ ይታደል ነበር፤ ይህም የምግብ እደላ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1946 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። በዚያ ዘመን ብዙ ቅቤ የሚፈልገውን የተዳመጠ ሊጥ መሥራት የከበዳቸው የቤት እመቤቶች፤ በጥቂት ቅቤ የታሸ ፍርፋሪ በፍሬ ላይ እየነሰነሱ ይጋግሩ ነበር። ስለዚህ ይህ ምግብ በውጭም አገር ቢሆን የቅንጦት ሳይሆን የቁጠባ ምግብ መሆኑን እንረዳለን።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ፍሬው ኮክ ቢሆን ከሁሉ ይሻላል፤ የበሰለ፤ ነገር ግን በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ይመረጥ። ኮክ በማይገኝበት ወራት ፖም ይተካዋል፤ ከጋሞ ደጋ ከጨንቻ የሚመጣው ፖም ጠንካራና ጎምዘዝ ያለ ስለ ሆነ ለእሳት ይመቻል። ያም ካልተገኘ ሙዝ ይሆናል፤ የአርባ ምንጭ ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ከገበያ አይጠፋም። ጨንቻና አርባ ምንጭ የሚራራቁት 40 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ሲሆን፤ አንዱ ብርድ የሚወደውን ፖም፤ ሁለተኛው ሙቀት የሚወደውን ሙዝ ማብቀላቸው የአገራችንን አቀማመጥ በረከት የሚያሳይ ነው። በሙዝ ሲሠራ ግን ማሩ በእኩሌታ ይቀነስ፤ ሎሚውም ይጨመር።

ዕቃውን በተመለከተ፤ ጎኑ አራት ጣት ያህል ከፍ ያለ የሸክላ ሳህን ወይም ሰፋ ያለ የሸክላ ድስት እንመክራለን። ይህን ዕቃ ለመግዛት ከጉለሌ መራቅ አያስፈልግም፤ የቀጨኔ ሴቶች በእጃቸው የሚያበጁት ሸክላ በዚያው በሰፈሩ ይገኛል። እነዚህ ባለሙያዎች እጀ ብልኆች ሆነው ሳሉ፤ በቀድሞ ዘመን በሙያቸው ምክንያት ብዙ ንቀት ደርሶባቸዋል፤ እጃቸው የሠራውን ዕቃ በክብር ገበታ ላይ ማቅረብ ለዚያ ንቀት መልካም መልስ ነው። ሸክላው አዲስ ከሆነ አስቀድሞ መሟሸት አለበት፤ ታጥቦ ደኅና አድርጎ ከደረቀ በኋላ ውስጡ ዘይት ይቀባና በለዘብታ እሳት ላይ ቀስ እያለ ይሞቃል፤ ከዚያም በራሱ ጊዜ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። ያልተሟሸ ሸክላ የፍሬውን ውሃ ይመጣል፤ ቀዝቃዛ ሸክላም በድንገት በብርቱ እሳት ላይ ቢቀመጥ ይሰነጠቃል።

ለስድስት ሰው የሚበቃው መጠን እንደሚከተለው ነው። ኮክ 1 ኪሎ፤ ማር 3 የሾርባ ማንኪያ፤ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፤ የተፈጨ ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ፤ የተፈጨ ኮረሪማ በሁለት ጣት የሚቈነጠር ያህል። ለፍርፋሪው ደግሞ የስንዴ ዱቄት በቡና ስኒ ተሰፍሮ 4 ስኒ፤ ይህም 150 ግራም ያህል ነው፤ በሶ 1 ስኒ ሙሉ፤ ስኳር 1 ስኒ፤ ለጋ ቅቤ 100 ግራም፤ ጨው ቁንጥር። ቅቤው ያልተነጠረና ቅመም ያልገባበት ይሁን፤ ኮሰረትና አብሽ የገባበት የወጥ ቅቤ የፍሬውን መዓዛ ይውጠዋልና። ኮረሪማ የገዛ አገራችን ቅመም ስለ ሆነ ለኮክ መልካም ሽታ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ብርቱ ስለ ሆነ እጅ አይብዛበት።

መጀመሪያ ኮኩ ታጥቦ ይሰነጠቅና አጥንቱ ይውጣለት። በአጥንቱ ውስጥ ያለው መራራ ፍሬ መርዝነት ስላለው፤ ልጆች ሰብረው እንዳይበሉት ወዲያው ይጣል። ሥጋው ጣት በሚያህል ውፍረት እኩል እኩል ሆኖ ይቆረጥ፤ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ከሆነ፤ ወፍራሙ ሳይበስል ቀጭኑ ይፈርሳል። የተቆረጠው ፍሬ ከሎሚው፤ ከማሩ፤ ከቀረፋውና ከኮረሪማው ጋር ተለውሶ በሸክላው ውስጥ ይደልደል። ሎሚው ጣፋጩን ከማመጣጠኑ በላይ ፍሬው እንዳይጠቁር ያግዛል።

ቀጥሎ ዱቄቱ፤ በሶው፤ ስኳሩና ጨው በአንድ ገበቴ ይቀላቀላሉ። ቅቤው ቀዝቃዛ እንደ ሆነ በትንንሹ ተቆርጦ ይጨመርና በጣት ጫፍ ብቻ ይታሻል። በመዳፍ ማሸት አይገባም፤ የመዳፍ ሙቀት ቅቤውን ያቀልጠዋልና፤ ቅቤው ከቀለጠ ደግሞ ፍርፋሪው ቀርቶ ሊጥ ይሆናል። ምስርና ሽንብራ የሚያካክል ፍርፋሪ ሲሆን እጅን ማንሣት ነው፤ ውሃ ከቶ አይጨመርበትም። በሶው አስቀድሞ የተቆላ ስለ ሆነ የተጠበሰ ገብስ መዓዛ ይሰጣል፤ እንደ ስንዴም ስለማይለጠጥ ፍርፋሪው ልል ሆኖ እንዲቀር ይረዳል። ይህም በፍሬው ላይ ሳይጫኑት በስሱ ይነሰነሳል፤ ቢጫኑት እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ፍርፋሪውን ያረጥበዋል።

እንጀራው ተጋግሮ ምጣዱ ሲወርድ፤ ወጥ ቤቷ «እትዬ፤ እሳቱን ልበትነው?» ብትል፤ እመቤቲቱ «ተይው፤ ሰብስቢው እንጂ አትበትኚው» ትበላት። ሰፊ የብረት ድስት ይቅረብና ከውስጡ ሦስት ትንንሽ ጠጠሮች እንደ ጉልቻ ይቀመጡ፤ የሸክላው ሳህን ታችኛውን ብረት ሳይነካ በጠጠሮቹ ላይ ይረፍ። ድስቱ በጠፍጣፋ የብረት ክዳን ይከደን። ከፍሙ አንድ ሦስተኛው ከታች፤ ሁለት ሦስተኛው ከክዳኑ ላይ ይደረግ። ከላይ የሚበዛበት ምክንያት ፍርፋሪው መቅላት ስላለበት ነው፤ ከታች የሚያንስበትም ማሩ በቶሎ ስለሚያርር ነው። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ክዳኑን ቶሎ ቶሎ መክፈት ሙቀቱን ስለሚያባርር አይገባም፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል፤ በሚከፍቱበትም ጊዜ አመድ ወደ ውስጥ እንዳይረግፍ ክዳኑን ቀጥ አድርጎ ማንሣት ነው። ጠርዝ ጠርዙን የፍሬው ጭማቂ ሲንፈቀፈቅና ፍርፋሪው የተቆላ ገብስ መልክ ሲይዝ በስሏል ማለት ነው። ኦቭን ያለው ቤት በ180 ዲግሪ ሙቀት ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይጋግረው፤ በዚያውም ቀን ዳቦ ተጋግሮበት ከሆነ፤ ሳይቀዘቅዝ ተከታትሎ ማስገባት ያው ፍምን መቈጠብ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከውጭ አገር መጽሐፍ የተገኘ የማብሰያ ሰዓት በቤታቸው አልሠራ ሲል ይገረማሉ። ምክንያቱ ከፍታው ነው። በባሕር ጠረፍ ባለ አገር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል በሚሆነው በእኛ ደጋ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በእሳቱ ዙሪያ ያለው ሙቀት ምንም ያህል ቢበረታ፤ ውሃ ያዘለው የፍሬው ሥጋ ከዚያ ከመፍያው እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ ጠንከር ያለ ፍሬ፤ ይልቁንም ፖም፤ በጉለሌ አሥር ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ቢፈልግ አያስደንቅም። መድኃኒቱ እሳት መጨመር አይደለም፤ ፍሬውን ቀጠን አድርጎ መቁረጥና መታገሥ ነው።

በጾም ቀን ቅቤው ይቅርና በምትኩ 1 ስኒ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይግባ። በዘይት የታሸ ፍርፋሪ እንደ ቅቤው አይደራርቅም፤ ስለዚህ በሶው በግማሽ ስኒ ይጨመርለት። የፍሬው አሠራር ግን አይለወጥም። እንዲህም ከሆነ በጾም የመጣ እንግዳ ከገበታው ጣፋጭ ሳይጎድልበት ይሸኛል።

አሁን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንናገራለን፤ አንባቢዎቻችንም ለቤተሰቡ ሁሉ እንዲያነቡት እንለምናለን። በፍም የሚጋገረው በደጅ፤ ወይም በሩና መስኮቱ በተከፈተ ወጥ ቤት ብቻ ይሁን። ጣፋጩ ከወጣ በኋላ የቀረውን ፍም «ቤቱን ያሙቅልን» ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ማግባት ፈጽሞ አይገባም። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ሽታም መልክም ስለ ሌለው፤ የተኛ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። በደጋ አገር በክረምት በሩን ዘግቶ ከሰል አንድዶ ተኝቶ ያልነቃ ቤተሰብ ወሬ መስማታችን አሳዛኝ ነው። እንጀራ ጋግሮ፤ ጣፋጭም አብስሎ ሥራውን የጨረሰ ፍም፤ በደጅ ሆኖ ውሃ ይፍሰስበት፤ በመዳፈንም ብቻ አይተማመኑበት። በነጋታው የሚገኘው ከሰል ታጥቦ ሲደርቅ እንደ ገና ይነዳል።

ስለ አቀራረቡ ደግሞ፤ ከእሳት እንደ ወጣ ወዲያው ለልጆች አይሰጥ፤ በፍርፋሪው ሥር ያለው የማርና የፍሬ ጭማቂ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ አፍ ያቃጥላል። አሥር ደቂቃ ያህል ቢጠብቁት ጭማቂው ይረጋል፤ ሙቀቱም ለመብላት ይመቻል። በፍስክ ቀን ከጎኑ የወተት ስልባቦት ወይም ያልኮመጠጠ እርጎ ማቅረብ ነው። ሸክላው እንዳለ በሰፌድ ላይ ተደርጎ ወደ ገበታው ይምጣ፤ እመቤቲቱም በገዛ እጇ ለየሰዉ ታድል፤ በመጀመሪያ ለአባትና ለእናት፤ ቀጥሎ ለእንግዳ፤ ከዚያም ለልጆች። እንደ ጉርሻ ሁሉ ይህም ከእጅ ሲሰጥ ይጣፍጣል። ለወጥ ቤቷና ለዘበኛውም ከዚያው ሳህን ትኩሱ ይድረሳቸው፤ ፍሙን የሰበሰበችውና ኮኩን የለቀመው እነሱ ናቸውና፤ የቀዘቀዘ ትርፍ መስጠት ለትልቅ ቤት አይመጥንም።

ይህን ስንል ግን ጣፋጩ በየቀኑ ይሁን ማለታችን አይደለም። ከእሳት የገባ ፍሬ ከቫይታሚን ሲው ጥቂቱን ያጣል፤ ስኳርና ማርም ሲበዛ ለጥርስም ለሰውነትም ጎጂ ነው። ስለዚህ ደኅናው ፍሬ በጥሬው ለልጆች ይሰጥ፤ የሚጋገረው የተቀጠቀጠውና የሚተርፈው ይሁን። በሳምንት አንድ ጊዜ፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማድረግ ይበቃል።

እንግዲህ የተከበራችሁ እመቤቶችና የቤት አባቶች፤ በሚቀጥለው የእንጀራ ቀን ወደ ጓሮአችሁና ወደ ምድጃችሁ ተመልከቱ። ከዛፉ ሥር የወደቀው ፍሬ የአንድ ዓመት ዝናብና ፀሐይ ነው፤ በአመዱ ውስጥ የሚያበራው ፍምም ከእንጦጦ በሰው ጀርባ የወረደ ድካም ነው። ሁለቱንም አንሥቶ ለገበታ ክብር ማብቃት፤ ሀብታም ለሆነም ላልሆነም ቤት የሚቻል ባልትና ነው። ብዙ ኮክ ለተረፋቸው ቤቶች፤ ፍሬውን አድርቆ እስከ በጋ ስለ ማቆየት በሌላ ጊዜ እንጽፋለን።